ንግድ ከሠዓሊው የወሰደውን ይወቅ፤ ዋጋውንም ይክፈል

ከመቶ ሠላሳ ዓመታት ወዲህ የገበያተኛውን ዓይን ከሳቡት ማስታወቂያዎች፣ ማሸጊያዎችና የንግድ አርማዎች እጅግ ብዙዎቹ መልካቸውን ያገኙት ከሠዓሊዎች ነው። ሠዓሊው በሸራው ፊት ቆሞ ለራሱ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ የደረሰበት መስመር፣ ቀለምና ቅርጽ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሳሙናና ሲጋራ፣ የባቡር ጉዞና ቤንዚን ሲሸጥ ታይቷል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ሥነ ጥበብ ከሙዚየም ወጥቶ ሰው በሚመላለስበት ጎዳና ላይ መታየቱን የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም፤ የሙዚየም ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ስንቱ ሰው ዘመናዊ ሥዕልን መጀመሪያ የተዋወቀው በፖስተርና በካርቶን ላይ መሆኑንም አንዘነጋም። ሊጠየቅ የሚገባው ንግዱ በምን መንገድ እንደወሰደና የወሰደውንም ለምን እንዳዋለው ነው። የዝግጅት ክፍላችን በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው አቋም የጸና ነው፦ ከሠዓሊው ጋር ተስማምቶ፣ ስሙን ጠርቶና ዋጋውን ከፍሎ የሚሠራ ንግድ ሥነ ጥበብንም ራሱንም ያሳድጋል፤ ውጫዊ መልኩን ብቻ ገፎ የሚሄድ ንግድ ግን ሕግ ባይከስሰውም ከበደል ነፃ አይሆንም።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1891 ሄንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ ለፓሪሱ ሙላን ሩዥ የሠራው ፖስተር በከተማዋ ግድግዳዎች ላይ ሲለጠፍ፣ ሠዓሊው ከጃፓን የእንጨት ኅትመቶች የተማረው ጥላ አልባ ቀለምና ደፋር ቅርጽ ለጭፈራ ቤት መጥሪያ ሆኖ አገለገለ። በ1924 ሩሲያዊው ኤል ሊሲትስኪ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በስዊዘርላንድ ሲታከም፣ ኑሮውን የደገፈው ፔሊካን የተባለውን የጽሕፈት ቀለም ለሚያመርተው የጀርመን ኩባንያ ማስታወቂያ በመሥራት ነበር። በዚያው ዘመን በሞስኮ አሌክሳንደር ሮድቼንኮና ገጣሚው ቭላዲሚር ማያኮቭስኪ ለመንግሥት መደብሮችና ፋብሪካዎች፣ አንዱ ቅርጹን ሌላው ቃሉን እየሠሩ፣ ዛሬም ድረስ በዲዛይን ትምህርት ቤቶች የሚጠኑ ማስታወቂያዎችን አወጡ። በፈረንሳይ ካሳንድር በ1927 ለኖርድ ኤክስፕረስ ባቡር የሠራው ፖስተር የኪዩቢዝምን ቅርጽ ለተራው መንገደኛ አቀረበ። በ1919 በቫይማር የተከፈተው የባውሃውስ ትምህርት ቤትም ወደ ዴሳው ከተዛወረ በኋላ በሄርበርት ባየር መሪነት የኅትመትና የማስታወቂያ ክፍል አቋቋመ፤ በናዚዎች ግፊት በ1933 ሲዘጋም መምህራኑ በየአገሩ ተበትነው ትምህርቱን ይዘውት ሄዱ፤ ላስሎ ሞሆሊ ናጅ በ1937 በሺካጎ አዲስ ባውሃውስ የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ በየስልካችን ላይ የምናየው ያለጌጥ የተቀረጸ ፊደልና ሰፊ ባዶ ቦታ ያለው ገጽ ከዚያ ትምህርት ቤትና ከዘመን አጋሮቹ የወረደ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቆም ብለን ልንመረምረው የሚገባን የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ታሪክ ነው፤ አንድ ድርጅት ከሠዓሊዎች ጋር እንዴት መኖር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አናውቅምና። ፍራንክ ፒክ የሕግ ባለሙያ እንጂ ሠዓሊ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1908 የባቡሩን የማስታወቂያ ሥራ ሲረከብ የጣቢያዎቹ ግድግዳ በየዓይነቱ ወረቀት ተሸፍኖ መንገደኛው የጣቢያውን ስም ለይቶ ማንበብ ይቸገር ነበር። ፒክ ለፖስተር የተለየ ቦታ አበጀ፣ የጣቢያውን ስም ከንግድ ማስታወቂያ ነጠለ፣ ከዚያም ሠዓሊዎችን ጠራ። በ1913 ኤድዋርድ ጆንስተን ለባቡሩ ብቻ የሚሆን የፊደል ቅርጽ እንዲሠራ ጠየቀው፤ በ1916 ሥራ ላይ የዋለው ያ ፊደል ከብዙ እድሳት ጋር እስከ ዛሬ የለንደንን መንገደኛ ይመራል። በ1915 ደግሞ ከአሜሪካ መጥቶ በለንደን ሥራ ይፈልግ ለነበረው ወጣት ለኤድዋርድ ማክናይት ካውፈር የመጀመሪያውን የፖስተር ሥራ ሰጠው፤ ካውፈርም በቀጣዮቹ ሃያ አምስት ዓመታት ከመቶ የሚበልጡ ፖስተሮችን ለባቡሩ ሠራ። የኪዩቢዝምና የፉቱሪዝም ሥዕሎች በጋዜጦች ይነቀፉ በነበረበት ዘመን፣ ወደ ሥራው የሚጣደፈው ጸሐፊና የፋብሪካ ሠራተኛ እነዚያን ቅርጾች በየማለዳው በጣቢያው ግድግዳ ላይ ያያቸው ነበር፤ በ1930ዎቹ መጨረሻም ሠዓሊውና ፎቶ አንሺው ማን ሬይ ራሱ ለዚሁ ባቡር ፖስተር ሠርቷል።

ፒክ ያደረገው ነገር ሲታይ ቀላል ይመስላል። የሚፈልገውን ከሠዓሊው ከራሱ ጠየቀ፤ ከፈለው፤ ፊርማውን ከፖስተሩ ላይ አልፋቀም፤ ሥራውንም አምኖ ለሕዝብ አቀረበው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመንገደኛው ክብር ነበረው፤ ትኬት ቆራጩ ሕዝብ አዲስ ሥዕል አይገባውም ብሎ አልናቀውም። ይህንኑ መንገድ በ1930ዎቹ የሼል ኩባንያ የማስታወቂያ ኃላፊ ጃክ ቤዲንግተን ተከትሎ እነ ፖል ናሽንና ግርሃም ሰዘርላንድን አሠርቷል፤ በአሜሪካም የካርቶን አምራቹ ባለቤት ዋልተር ፔፕኪ ካሳንድርንና ባየርን ወደ ኩባንያው ማስታወቂያ አምጥቷል፣ የሞሆሊ ናጅንም ትምህርት ቤት በገንዘብ ደግፏል። ከእነዚህ ድርጅቶች አንዱም በዚህ ሥራው ከስሮ አልተዘጋም። የለንደኑ ባቡር ፖስተሮች ዛሬ በሙዚየም ተጠብቀው ሲገኙ፣ በዚያው ዘመን በርካሽ የተሠሩት አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች ግን የሚያስታውሳቸው የለም።

ሌላውን መንገድ የሚያሳየን በ1965 በኒውዮርክ የሆነው ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የከተማዋ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ዓይንን የሚያወዛውዙ፣ ቆመው ሳሉ የሚንቀሳቀሱ የሚመስሉ ሥዕሎችን ሰብስቦ ታላቅ ትርኢት ከፈተ፤ የእንግሊዛዊቷ ሠዓሊ የብሪጅት ራይሊ ሥራም በትርኢቱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ወጣ። ራይሊ ወደ ከተማዋ ስትደርስ የጠበቃት በየመደብሩ መስኮት የተሰቀለ የራሷ ጥቁርና ነጭ መስመር ነበር። አንድ የልብስ አምራች የገዛውን ሥዕሏን ወደ ጨርቅ አስገልብጦ ቀሚስ አሰፍቶበታል፤ ሌሎችም ፈቃድ ሳይጠይቁ መስመሯን በልብስ፣ በመጋረጃና በማሸጊያ ላይ አተሙት። ሠዓሊዋ አቤት አለች፤ ሕግ ፊት ለመቆምም ሞከረች፤ የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ ግን ከለላ አልሆናትም። ለዓመታት በትዕግሥት የመረመረችው የዓይንና የብርሃን ጥያቄ በአንድ ወቅት የፋሽን ጌጥ ሆኖ፣ ወቅቱ ሲያልፍም አብሮ እንዳረጀ ልብስ ተቆጠረ። ሥራዋ በጽሞና እንዲታይ ዳግም ብዙ ዓመታት መጠበቅ ነበረባት።

በዚህ በደል ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ሌላኛው ጉዳት ነው። ገንዘብ በፍርድ ቤት ሊመለስ ይችላል፤ አንድ ሥራ ከመታየቱ በፊት ከታከተው ዓይን ላይ ግን መሰልቸቱን የሚያነሣ ፍርድ ቤት የለም። በዚያው በ1965 የፋሽን ዲዛይነሩ ኢቭ ሳን ሎራን ከፒየት ሞንድሪያን ሥዕሎች የወሰደውን ጥቁር መስመርና ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን በቀሚስ ላይ አዋለው፤ ሞንድሪያን ከሞተ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። የሳን ሎራን ሥራ በጥንቃቄ የተሰፋና ምንጩን በይፋ የተናገረ ስለነበረ ከተራ ቅጂ ጋር አንደምረውም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን በቅባት ብልቃጥ ላይ፣ በቦርሳ ላይ፣ በኩባያ ላይ ያንኑ መስመር ሲያትሙ፣ ሠዓሊው ዓለምን በፍጹም ሚዛን ለማየት ያደረገውን የዕድሜ ልክ ፍለጋ ያስታወሱት ጥቂቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ስልት የማንም የግል ርስት አይደለም፤ መሆንም የለበትም። የቅጂ መብት ሕግ በየትም አገር የሚጠብቀው የተሠራውን ሥራ እንጂ ሐሳብን፣ ዘዴንና ስልትን አይደለም፤ ይህ ልክ ነው፤ ስልት በባለቤትነት ቢታጠር ኖሮ ከኪዩቢዝም በኋላ የመጣ ሠዓሊ ሁሉ ተከሳሽ በሆነ ነበር። ኪዩቢዝም ራሱ ከየት መጣ? ፓብሎ ፒካሶ በ1907 በፓሪስ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ውስጥ የአፍሪካን ጭምብሎች ካየ በኋላ ሥዕሉ ተለውጧል፤ የእነዚያ ጭምብሎች ጠራቢዎች ስም ግን አልተመዘገበም፤ አብዛኞቹ ዕቃዎችም የመጡት በቅኝ ግዛት ዘመን በነበረው የኃይል ሚዛን ነው። የምዕራብ አፍሪካ ጠራቢ ያወጣው የፊት ቅርጽ በፓሪስ ሠዓሊ በኩል አልፎ የባቡርና የመጠጥ ማስታወቂያ እስኪሆን ድረስ፣ በዚያ ረጅም ጉዞ ውስጥ ስሙን የጠራ አልነበረም። ስለዚህ ንግድን ስንጠይቅ ሥነ ጥበብ ራሱ ከተጠያቂነት ውጭ ነው ማለታችን አይደለም።

የአንዲ ዋርሆል ታሪክ ይህን በሁለት አቅጣጫ ያሳያል። ዋርሆል በ1950ዎቹ በኒውዮርክ የጫማ ማስታወቂያ ሥዕል በመሥራት የታወቀ የንግድ ሠዓሊ ነበር፤ በ1962 የካምቤል ሾርባ ጣሳዎችን በ32 ሸራዎች ሥሎ በሎስ አንጀለስ ሲያቀርብም የንግድን መልክ ወደ ሥዕል አዳራሽ መለሰው። በ1964 ደግሞ ብሪሎ የተባለውን የዕቃ ማጠቢያ ካርቶን በእንጨት አስገልብጦ በሥነ ጥበብነት አቀረበ። የካርቶኑን ዲዛይን የሠራው ጄምስ ሃርቪ ነበር፤ ሃርቪ ቀን የማሸጊያ ዲዛይን እየሠራ ኑሮውን የሚገፋ፣ በራሱ ጊዜ ግን ረቂቅ ሥዕል የሚሥል ሠዓሊ ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት ሞተ። ዛሬ ያን ካርቶን የሚያውቅ ሁሉ የዋርሆልን ስም ይጠራል፤ የሃርቪን ስም የሚያውቀው የዘርፉ ተመራማሪ ብቻ ነው። ከንግድ ዲዛይነር ሲወሰድም ስም የመጥራት ግዴታ አለ፤ ማሸጊያ የሠራ እጅ ሸራ ከሠራ እጅ ያነሰ አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የቅርብ ጊዜ ፍርድ ነው። ፎቶ አንሺዋ ሊን ጎልድስሚዝ በ1981 ዘፋኙን ፕሪንስን አነሣችው፤ በ1984 አንድ መጽሔት 400 ዶላር ከፍሎ ፎቶግራፉን ዋርሆል ለአንድ ጊዜ ብቻ ለሥዕል መነሻ እንዲጠቀምበት ፈቃድ ወሰደ፤ ዋርሆል ግን ከዚያው ፎቶግራፍ 16 ሥራዎችን አወጣ። ዘፋኙ በ2016 ሲሞት የመጽሔቱ አሳታሚ ከእነዚህ አንዱን ለሽፋን ለመጠቀም ለዋርሆል ፋውንዴሽን 10,000 ዶላር ከፈለ፤ ጎልድስሚዝ አንድ ሳንቲም አላገኘችም፣ ስሟም አልተጠቀሰም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 18 ቀን 2023 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለፎቶ አንሺዋ ፈረደ፤ ሥዕሉ ለመጽሔት ሽፋንነት ሲሸጥ ያገለገለው ፎቶግራፉ የሚያገለግልበትን ያንኑ የንግድ ዓላማ ነው በማለት። በዚህ ፍርድ የተከፉ ሠዓሊዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ነገር ግን ዝነኛ የሆነ ሁሉ ዝነኛ ካልሆነው ላይ በነፃ ይውሰድ የሚለውን ልማድ የዘጋ በመሆኑ ትክክለኛ ፍርድ ነው ብለን እናምናለን።

መንገዱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ዓላማው የሚያበላሸው ሥራም አለ። የባውሃውሱ ሄርበርት ባየር በ1936 በበርሊን ለተዘጋጀውና ናዚዎች ጀርመንን ለዓለም እንግዶች ላሳዩበት ትርኢት የማስተዋወቂያ መጽሐፉን ዲዛይን ሠርቷል፤ በዴሳው የተማረውና ያስተማረው የፎቶግራፍ ቅንብር፣ ትምህርት ቤቱን ያስዘጋውን መንግሥት ውብ አድርጎ አቀረበው። ባየር ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዷል፤ መጽሐፉ ግን ቀርቷል። ንጹሕ ቅርጽ ንጹሕ ሐሳብን አብሮ ይዞ ይመጣል የሚለው የዘመናዊነት የመጀመሪያ እምነት በዚህ ሥራ ላይ ወድቋል፤ ቅርጽ የሚታዘዘው ላዘዘው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የሲጋራ ማስታወቂያ ነው። በ1970ዎቹ የብሪታንያ የማስታወቂያ ደንብ ሲጋራን ከወንድነት፣ ከፍቅርና ከማኅበራዊ ስኬት ጋር ማያያዝን ሲከለክል፣ አምራቾቹ ወደ ሰርሪያሊዝም ዞሩ። ከ1977 ጀምሮ የቤንሰን ኤንድ ሄጅስ የወርቅ ፓኮ በወፍ ቀፎ ውስጥና በአይጥ ጉድጓድ ደጃፍ፣ በግብፅ ፒራሚዶች መካከል ተቀምጦ ያለ አንዳች የማስታወቂያ ቃል በየመንገዱ ታየ፤ በ1980ዎቹ ሲልክ ከት በስለት የተሰነጠቀ ሐምራዊ ሐር ብቻ አሳይቶ ሲጋራውን ሸጠ፤ ሥዕል የሚያውቅ ሰው የሉቾ ፎንታናን የተሰነጠቀ ሸራ ያስታውሰዋል። እንደ ዲዛይን እጅግ የተዋጣላቸው ሥራዎች ነበሩ፤ ሽልማትም አላጡም። ያደረጉት ነገር ግን ሕዝብን ለመጠበቅ የወጣ ደንብን በሥነ ጥበብ ጓሮ በር ማለፍ ነበር። ሕጉ ደርሶባቸው በአገሪቱ የሲጋራ ማስታወቂያ በጋዜጣና በቢልቦርድ ላይ በ2003 እስኪቆም ድረስ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሄዱበት። በዲዛይን ትምህርት ቤቶች እነዚህ ሥራዎች የፈጠራ አብነት ሆነው ሲቀርቡ የሸጡት ነገርም አብሮ መነገር አለበት፤ ይህ ሲዘለል ትምህርቱ ይጎድላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ እንዳልሆነ እናያለን። በአቶ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የተከፈተው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት ሆኖ ይጠራል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕልን ለአዲስ አበባ ተመልካች አቀረበ፣ በዚሁ ትምህርት ቤትም አስተማረ። እስክንድር ቦጎስያን በፓሪስ ዘመኑ የአውሮፓን ሰርሪያሊዝም፣ የአፍሪካን ምልክቶችና የአገሩን የብራና ሥዕል አዋሕዶ የራሱ ቋንቋ ፈጠረ፤ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ በስብስቡ ይዟል። እነዚህ ሰዎች ዘመናዊነትን ከውጭ ገልብጠው አላመጡትም፤ ተምረው፣ ተከራክረው፣ ለውጠው የራሳቸው አደረጉት። የአገራችን ንግድ ከእነርሱና ከተማሪዎቻቸው ትውልድ ምን ያህል ተጠቅሟል ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ አያስደስተንም። በየአደባባዩ የምናየው ቢልቦርድ፣ በየባንኩ አዳራሽ የሚሰቀለው ፖስተር፣ በየመደብሩ የተደረደረው ማሸጊያ በአብዛኛው ከኢንተርኔት የወረደ፣ የሌላ አገር ፀሐይ የበራበት፣ በሌላ አገር ፊደል ልክ የተሰፋ መልክ ነው፤ የእኛ ፊደል ከላቲኑ ጎን በቀረችው ጥግ ተጠብቦ ይገባል።

ለዚህ ዋናው ምክንያት የችሎታ እጥረት አይደለም። የፈጠራ ሥራ እንደ ሲሚንቶ በዝቅተኛ ዋጋ ጨረታ ሲገዛ፣ ትእዛዙ ሐሙስ ተሰጥቶ ሥራው ሰኞ ሲጠበቅ፣ ደንበኛው የውጭ ኩባንያ ማስታወቂያ ከስልኩ አሳይቶ ይህን የመሰለ ሥሩልኝ ሲል፣ ዲዛይነሩ ከመገልበጥ በቀር የተተወለት መንገድ የለም። ጥፋቱን በወጣቱ ዲዛይነር ላይ ብቻ የሚጭን ፍርድ ስለዚህ ግማሽ ፍርድ ነው፤ ከገለበጠው እጅ በፊት እንዲገለበጥ ያዘዘው አፍ ይጠየቃል። ዛሬ ደግሞ በቃል ትእዛዝ ሥዕል የሚያወጣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ በየቢሮው ገብቷል፤ በእገሌ ስልት ሥራልኝ ብሎ የሠዓሊን ስም ለማሽን መጥራት ሠዓሊውን ከመጥራት ቀሏል። ማሽኑ በሥራ ላይ መዋሉን አንከለክልም። በሕይወት ያለ ሠዓሊን ስም ጠርቶ ሥራውን የሚመስል ምስል ማስወጣትና ያንን ለሽያጭ ማዋል ግን በራይሊ ላይ ከተፈጸመው በምንም የተለየ አይደለም፤ ፍጥነቱ ብቻ ጨምሯል።

ሕጉ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብቱን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቅለታል፤ ሥራው የእርሱ መሆኑ እንዲነገርለት የመጠየቅና ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም የሞራል መብትም ይሰጠዋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በየትኛውም አገር እንደሆነው ሁሉ ሕጉ ስልትን አይጠብቅም፤ ከሕጉ ወሰን ባሻገር የሚቀረው ሰፊ መስክ ለድርጅቶች ሕሊናና ለተቋማት አሠራር የተተወ ነው። በሽሮ ሜዳ የሚሠራው ሸማኔ በእጁ ያወጣውን ጥለት ፋብሪካ በርካሽ ጨርቅ ላይ አትሞ ሲሸጥበት የሚሰማውን የሚያውቅ ሕዝብ፣ የሌላውን ሠዓሊ ሥራ ሲገለብጥ አላወቅሁም ሊል አይችልም።

በዚህ መሠረት ፍርዳችን የሚከተለው ነው። ማስታወቂያ የሚያዝ ድርጅት፣ በተለይም የሕዝብ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ባንክ፣ አየር መንገድ፣ ቴሌኮምና መንግሥታዊ ተቋም፣ የፈጠራ ሥራን በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ የመግዛት አሠራሩን መተው አለበት፤ ሥራው በሐሳቡና በጥራቱ ሊመዘን፣ የሠራው ሰው ስምም በውሉና በሥራው ላይ ሊሰፍር ይገባል። የማስታወቂያ ድርጅት ለደንበኛው የሚያቀርበው እያንዳንዱ ምስል ከየት እንደመጣ የሚያሳይ መዝገብ ሊይዝ፣ በማሽን የተሠራውንም በማሽን የተሠራ መሆኑን ሊናገር ይገባል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሠዓሊና ዲዛይነር ያለ ጠበቃ አንብበው የሚረዱት፣ የአጠቃቀም ጊዜንና ክፍያን የሚለይ የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎቻችን ናሙና ውል አዘጋጅቶ ቢያሰራጭ ከብዙ ዓመት ክርክር ያድናል፤ በጎልድስሚዝ ጉዳይም ፈቃዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ በጽሑፍ ሰፍሮ እንደነበር ልብ ይሏል። የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤቶች የማስታወቂያን ታሪክ ሲያስተምሩ ከፒክ ጎን ባየርን፣ ከውበቱ ጎን ሲጋራውን አቅርበው ተማሪው እምቢ ማለትንም የሙያው ክፍል አድርጎ እንዲያውቅ ያድርጉ።

የመገናኛ ብዙኃን ኃላፊነትም አለ፤ ይህ ጋዜጣም ማስታወቂያ የሚያትም በመሆኑ ከዚህ ግዴታ ውጭ አይደለም። በገጾቻችን ላይ የሚወጣ ሥዕልና የማስታወቂያ ዲዛይን የሠሪው ስም እንዲጻፍበት ከአስተዋዋቂዎች መጠየቅ የሚዲያው ድርሻ ነው ብለን እናምናለን፤ ስሙን ለመስጠት ፈቃደኛ ያልሆነ አስተዋዋቂ ምክንያቱን ይናገር።

ከሁሉ ይልቅ ትልቅ ውጤት ሊያመጣ የሚችለው ግን አንድ ድርጅት የፒክን ዓይነት እርምጃ ቢወስድ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና የከተማ አውቶቡስ ጣቢያዎች ግድግዳ አላቸው፤ ግድግዳውን በየቀኑ የሚያየው ሕዝብ አለ፤ ፊደላችንን ከማንም በላይ የሚያውቁ፣ ቀለምና ቅርጽ የተማሩ ወጣቶችም አሉ። ለግእዝ ፊደል ጣቢያና መንገድ የሚመጥን የራሱ የሆነ ቅርጽ ለማሠራት የሚያስፈልገው አንድ ውልና አንድ አስተዋይ ኃላፊ ነው። የከተማዋ አስተዳደርና የትራንስፖርት ተቋማቱ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ከጣቢያዎቻቸው ግድግዳ የተወሰነውን ለአገር ውስጥ ሠዓሊዎች ትእዛዝ እንዲመድቡ፣ ለፊደሉም ሥራ ግልጽ ውድድር እንዲያወጡ፣ ለሥራውም ተገቢውን ዋጋ እንዲከፍሉ በአክብሮት እንጠይቃለን።